«የመንገድ ልብስ» ለለበሱት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለገጠር ልዩ ምርቶች ማነቃቂያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤
ደብረ ታቦር።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ቤተሰብዎስ፣ ምክትሎችዎስ፣ ያ አዲሱ መኪናዎስ? እኛ የቀጋ በር ሰዎች፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጤናዎን እንዲህ አጥብቄ መጠየቄ ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱንም በየተራው እገልጻለሁ። እስከዚያው ድረስ የጉና ብርድ ክፉ ነውና ካፖርትዎን ይደርቡ። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገውት የሚታየውን ያንን ነጭ ሸማ ግን በእመቤቴ ይሁንብዎ ከላይዎ ላይ ያውርዱት።

እኔ ውዴ ይሻው እባላለሁ። ከገሳይ ከተማ ዝቅ ብሎ ባለው፣ ቀጋ በር በሚባለው የሸማኔ መንደር ተወልጄ፣ ጥጥ ስፈትል ያደግሁና ስፈትል ያረጀሁ ሴት ነኝ። ፊደል ስለቆጠርሁ መንደሩ አቤቱታ ባለው ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። አፌ ትንሽ ሹል ነው እያሉ ያሙኛል፤ አባቴ ግን እንዝርት ሹል ካልሆነ አይሾርም ብለው ያጽናኑኛል። ከዚህ ቀደም የላክሁልዎ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ የታሸገ ነገር ማንበብ አይወዱ ይሆናል ብዬ ይህንን በገሳይ ገበያ፣ በደብረ ታቦር መናኸሪያና ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ እንዲለጠፍ በግልጽ ጽፌዋለሁ። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው «አንቱ» ነው የሚባለው፤ ለጽሕፈት ቤት ግን «እርስዎ» ይባላል ስላሉኝ በዚያው እቀጥላለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይቅደም። ባለሙያዎችዎ ድምፅ ማጉያ ይዘው መንደራችን የገቡ ዕለት «መንደራችሁ ሞታለች፤ በራሷ ልዩ ምርት ልናስነሣት መጥተናል» ሲሉን፣ እኛ መሞታችንን የሰማነው ገና ያን ዕለት ነበርና ስለ መርዶው እናመሰግናለን። እርግጥ አልዋሽም፣ ታመን ነበር። ሰልባጁ ገበያውን ሞልቶት ጋቢ የሚገዛን ሰው እየጠፋ፣ ልጆቻችን ግማሾቹ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ እየወረዱ፣ መንገዱም አንድ ሰሞን ክፍት አንድ ሰሞን ዝግ እየሆነ የሐሙሲት ነጋዴዎች መምጣት ትተው ነበር። ስለዚህ እናስነሣችሁ ስትሉን ደስ አለን፤ እልል ካሉት ሴቶችም አንዷ እኔ ነበርሁ። የተከተለውን ግን ለሪፖርት እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጬልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። ታምራት የሚባለው ወጣት ባለሙያዎ ቤታችን የገባው አባቴ አቶ ይሻው በመንደሩ ካሉት ሸማኔዎች ሁሉ በዕድሜ ስለሚበልጡ ነው። እኔ ያን ዕለት ገሳይ ገበያ ነበርሁ፤ የሆነውን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ጋቢውን፣ ኩታውን፣ ቡሉኮውን እያነሡ ሲያሳዩት ልጁ በትሕትና እያየ ይህንስ ሌላም አገር አይተነዋል ይላቸዋል። የጥለት ክር ሊያሳዩት ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ግን ከሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ ሸማ ያይና ዓይኑ ይበራል፤ ጥለት የሌለው፣ ዘርፉ ያልተቋጠረ፣ ከርቀት ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ሸማ ነው። ይህስ ምንድን ነው ቢላቸው፣ አባቴ የመንገድ ልብስ ነው ብለው መለሱለት።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ ይታገሡኝ። በቀጋ በር ሰው ሲያረጅ መግነዙን በቁሙ ያሠራል። የሟች ሸማ ጥለት አይገባበትም፤ ለሚሄድ ሰው መንገዱ አይቋጠርበትም ስለሚባል የዘርፉም ጫፍ አይቋጠርም። ሸማኔውም የመጀመሪያዋን መወርወሪያ ከመወርወሩ በፊት የማን እንደሆነ ስሙን ጠርቶ ይጀምራል፤ ስም ሳይጠራበት የተሠራ እንደሆነ ሸማው ራሱ ሰው ይፈልጋል ብለው ሽማግሌዎቻችን ይፈራሉ። እንግዳ በተቀመጠበት ደግሞ መግነዝ የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም፤ «የመንገድ ልብስ» ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የመንደራችን ሕፃን የለም። የአባቴን ሸማ ክሩን የፈተለችው እናቴ ፈንታነሽ ናት፤ ሸማኔ የራሱን አይሠራምና ሽመናውን የሠሩት ጓደኛቸው ዓለምነው ናቸው። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ያ ሸማ ሁለተኛ የለውም።

ታምራት ግን የመንገድ ልብስ ሲሉት የተጓዥ ልብስ መሰለው። ቱሪስት የሚፈልገው ይህንን ነው ብሎ ከላይ እስከ ታች ዘረጋው፤ በስልኩም አነሣው። አባቴ በገዛ ቤታቸው የተቀመጠን እንግዳ በሞት ወሬ ማስደንገጥ ነውር ሆነባቸውና ዝም አሉ። ለናሙና ልውሰደው ሲላቸው፣ ልጄ እሱስ ለእኔ ይበጀኝ ነበር ቢሉት፣ አይጨነቁ አባባ፣ ለእርስዎ ከዚህ የተሻለ አዲስ እናመጣለን ብሏቸው ይዞት ሄደ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አገራችንን ፈጅቷት አለቀ፤ በእርስዎ ብቻ አልፈርድም። እንዲህ ሆኖ ጽሕፈት ቤትዎ ከምርታችን ሁሉ መርጦ መንደር ሊያስነሣበት የተነሣው በመግነዝ ነው። ይህን ያህል ደፋር መሥሪያ ቤት ስላለን እንኮራለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። «የመንገድ ልብስ፤ ለረጅሙ ጉዞዎ» የሚለውን ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ማንም ይሁን እጁ ይባረክ፤ እውነትን በዚህች በአጭር ቃል የገለጠ ጽሑፍ በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ከሥሩ ያለው «አንዴ የለበሰው አያወልቀውም» የሚለውም ቢሆን ምንም ውሸት የለበትም። ማስታወቂያው በታተመ በሳምንቱ ሸማኔዎቹ ሁሉ ጋቢውንና ኩታውን ትተው ይህንን ብቻ እንዲሠሩ ትእዛዝ መጣ። ባዩ የሚባለው ወጣት ሸማኔያችን ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ እባካችሁ ቢያንስ አንዲት ቀጭን ጥለት ጣል እናድርግበት ብሎ ለመነ። የጥለት ጊዜው አልፏል፣ የውጭ ገበያ የሚወደው ባዶውን ነው ተባለ። እንግዲያውስ ዘርፉን እንቋጥረው ቢል፣ አለመቋጠሩ ተፈጥሯዊ መልክ ይሰጠዋል ብለው አስተማሩት። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል የሚለውን ተረት ያወጡት አባቶቻችን ስልጠና ሳይወስዱ መቅረታቸው ያሳዝናል።

እኔም አላስችል ቢለኝ ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ታምራትን ከቢሮው ደጃፍ ጠበቅሁትና ምን እንደሆነ በግልጽ ነገርሁት። በእውነት ልጁ ክፉ አይደለም፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ በቀስታ፣ እማማ ታትሟል እኮ አለኝ። ቢታተምስ ስለው፣ በጀቱ በዚህ ስም ነው የወጣው፣ በላይ ያሉትም በዚህ ስም ነው የሚያውቁት አለኝ። ይህንን ለማንም እንዳልናገር፣ የጽሕፈት ቤቱን ገጽታ ያበላሻል ብሎ ለምኖ ሸኘኝ። ወዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከቀጋ በር የአመለካከት ችግር ያለባት አንዲት ፈታይ እንዳለች በእርስዎ ንግግር ውስጥ መጠቀሴን ሰማሁ። ስሜን ባለማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ አሁን ራሴ አንሥቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዕከሉ። ምርቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ካልሆነ ጥራቱ አይጠበቅም ተብሎ በአስፋልቱ ዳር ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሠራልን። ከዚያም ሸማኔው ሁሉ የሽመና ዕቃውን ነቅሎ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ወደዚያ ሄደ። ሰውየው ሲሄድ ሚስትም ትከተላለች፣ ልጅም ይከተላል፣ ዶሮም ይሸጣል። መንደር በልዩ ምርቷ ትነቃቃለች የተባለላት ቀጋ በር፣ ልዩ ምርቷ ከነሠሪው ተጭኖ ከሄደ በኋላ በማን ትነቃቃ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ግን ለሴትዮዋ የወጣ ተረት እንጂ ለመሥሪያ ቤት የወጣ ስላልሆነ እርስዎን አይመለከትም።

ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ሸማኔ ሲሠራ አይተው አያውቁ ይሆናል። ሸማኔ ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ነው የሚሸምነው። ዕቃውን ስትነቅሉ ጉድጓዱን መጫን ስላልተቻለ እሱ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ ቀጋ በር ቢመጡ በየቤቱ ወለል ላይ አንድ አንድ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ያገኙታል። የቀረነው ሰዎች እንጨት ረበረብንበት፤ አንዳንዱ ቁርበት ጣለበት። አንዲት ጎረቤቴ ልጆቿ እንዳይወድቁባት አፈር ልትሞላው ብላ ስትጀምር ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ እየየ ብላ አልቅሳ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ማንም አልሞተም ብለን ተበተንን፤ ግን ነጠላውን ያቃና ሰው አላየሁም።

እኔ ፈሪ ሴት አልነበርሁም። አሁን ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ከባዶዎቹ ቤቶች የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወዲህ ቀጭ፣ ወዲያ ቀጭ ይላል። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን ይጥሉና ይህ የዓለምነው አጣጣል ነው፣ ይህኛው ቸኩሏል፣ ክሩን ሊበጥሰው ነው እያሉ ይለዩልኛል። የሚሉትን አምኜ አብሬያቸው እሰማለሁ። አንድ ቀን ለቁጥጥር የመጡ ሠራተኛዎን ይህ ድምፅ ምንድን ነው ብላቸው ነፋስ ነው ብለው አስረዱኝ። ነፋስ ከሆነም ደግ፤ ቢያንስ እሱ መንደሩን ለቆ አልሄደም።

አራተኛ፣ ይህንን በጽሑፍ ማስቀመጤን ፈርቼ ነበር፤ ካነሣሁት ግን ልጨርሰው። ማዕከሉ ሥራ በጀመረ በወሩ ለባዩ ከእናቱ ስንቅ አድርሼ ነበር። ሸማኔዎቹ ተደርድረው ይሠራሉ፤ ግን እንደ ድሮው አያወሩም፣ አይቀላለዱም፣ ማንም ማንንም አያበሽቅም። ባዩን ወደ ውጭ ጠርቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ይህን ሁሉ የሟች ሸማ የምትሠሩት የማንን ስም ጠርታችሁ ነው አልሁት። መጀመሪያ ያለ ስም እንደጀመሩት፣ ያን ሰሞን ማንም እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ክሩም ያለ ምክንያት ይበጠስባቸው እንደነበር ነገረኝ። በራሳቸው ስም እንዳይጠሩት ፈሩ፤ በሰው ስም እንዳይጠሩት ኃጢአት ሆነባቸው። በመጨረሻ ተማክረው «ለቀጋ በር» እያሉ መጥራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ክሩ አልተበጠሰም አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያንን ስሰማ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የእናንተ አዳራሽ ከማለዳ እስከ ማታ ለአንድ መንደር መግነዝ ሲሠራ ይውላል። በሪፖርትዎ ምርታማነቱ እየጨመረ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

አምስተኛ፣ ስለ ኤግዚቢሽኑ። «የቀጋ በር ትንሣኤ» በሚል መሪ ቃል በደብረ ታቦር ባዘጋጃችሁት በዚያ ታላቅ በዓል ላይ እኛ የቀጋ በር ሰዎች ቦታ ስለጠበበ አልተጠራንም። ለትንሣኤ መግነዝን ማስቀደማችሁ ግን ቅደም ተከተሉን የጠበቀ በመሆኑ ካህናቱም ሳያደንቁት አልቀሩም። የተጠራው ከማል ነው፤ በገሳይ ለዘመናት ጥጥና ክር ሲሸጥልን የኖረ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ የሰው ሐዘን የማያልፈው ሰው ነው። እንደነገረኝ ከሆነ እንግዳው ሁሉ በር ላይ አንድ አንድ ነጭ ሸማ እየተደረበለት ይገባ ነበር። ለእሱም ሲደርቡለት በእጁ ዳሰሰው፣ ዘርፉን አየው፤ ከዚያ ከትከሻው አውርዶ፣ በሥርዓት አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ገሳይ ሲደርስ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ቀጥታ እኛ ቤት መጣ። ውዴ እኅቴ፣ ከፈን የለበሰ ሰው አዳራሽ ሙሉ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አይቼ መጣሁ አለኝ። ውኃ ሰጠሁት።

ከበዓሉ በኋላ ምክትልዎ ከደረጃ ወድቀው እግራቸውን መሰበራቸውን፣ ሌላዋ ኃላፊም ብርድ መትቷቸው መተኛታቸውን ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔ ከሸማው ጋር አላያይዘውም። የሚያያይዘው ሰው ግን ገበያው ሙሉ ነውና እንዲያውቁት ያህል ነው። የጤናዎን ነገር መላልሼ የጠየቅሁትም ስለዚህ ነው።

ስድስተኛ የሚባል የለኝም። ከዚህ በታች ላለው ቁጥር አልሰጥም፤ የአባቴ ጉዳይ ነው።

በዚያ በአስፋልቱ ዳር በተሰቀለው ትልቁ ፎቶግራፍ ላይ እርስዎ የለበሱት ሸማ በማዕከሉ የተሠራ አይደለም። ከሁሉ የተዋበው ናሙናው ስለሆነ ለእርስዎ የተመረጠው እሱ ነው። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ ከአንደኛው ጥግ አጠገብ አይጥ በልታው እናቴ በቀጭኑ የጣፈችው ቦታ አለ፤ ፎቶግራፉ ትልቅ በመሆኑ ያች የተጣፈች ቦታ ከነስፌቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ለጥሩ ማተሚያችሁ ምስጋና ይግባው። እኔ ገበያ በሄድሁ ቁጥር ከሥሩ ቆሜ የእናቴን እጅ አያለሁ፤ ከላይ ግን ፊቱ የእርስዎ ነው።

አባቴ ከሰኔ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙም ዕድሜ ነው ብሎ መልሷቸዋል። አይጮኹም፣ አያማርሩም፤ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብሴ መጣ ወይ ይሉኛል። ሌላ እናሠራልዎ ብያቸው ነበር፤ ባዩም እኔ እሠራለሁ ብሎ ነበር። አልተቀበሉም። ለምን ብላቸው፣ ፈንታነሽ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ እዚያ ስደርስ መልኬን ብታጣው እንኳ ክሯን በእጇ ትለየዋለች አሉኝ። እርስዎ ለዚህ መልስ ካለዎት በደብዳቤ ይጻፉልኝ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ሸማው ይመለስልን ብዬ ጠየቅሁ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከተመራሁ በኋላ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በበሩ ክፍተት ድምፅዎን ሰምቼዋለሁ። ሸማው የጽሕፈት ቤቱ የተመዘገበ ናሙና ስለሆነ፣ ለልጅም ለዘመድም እንደማይሰጥ፣ ባለቤቱ ራሱ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ በስተቀር እንደማይወጣ አስታወቁ። አባቴ ጎናቸውን ለመገልበጥ እንኳ ሰው እንደሚፈልጉ ብናገር፣ መመሪያ ነው ተባልሁ። አሠራር መከበር እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ሲወስዱት ማንም ማንንም ፈርም ያላለው ምናልባት የዚያን ጊዜ መመሪያው ገና ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ መንደራችንን እንዲመልሱልን አልጠየቅሁም፤ የማይቻልዎን ነገር መጠየቅ ማስቸገር ነው። ማዕከሉን ዝጉልኝም አላልሁም። ማዕከሉን ሊመርቁ ይመጣሉ የተባሉት ትልቅ እንግዳም እንደ ታሰበው ይምጡ፣ ይደረብላቸው። የምጠይቀው አንድ ሸማ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሽማግሌ፣ ትንፋሻቸው ሳይወጣ ራስጌያቸው ላይ እንዳደርገው። በእጃቸው ዳስሰው ክሩን ከለዩ ይበቃቸዋል፤ እኔም ከዚያ በኋላ አፌን እዘጋለሁ፤ ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ትልቅ እፎይታ እንደሚሆን አውቃለሁ።

በመጨረሻም ለድካምዎ ሁሉ፣ ሳንሞት ስለ ገነዛችሁን፣ ስማችንን በየከተማው ስላስጠራችሁልን፣ እኛ ባንኖርባትም መንደራችን በማስታወቂያ ላይ ለምልማ እንድትታይ ስላደረጋችሁልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ እንደ ጉና ተራራ ይርዘም፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ብርድ አይንካዎ፣ መንገድዎ ይቅና እላለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና አመለካከቷ ገና ያልተስተካከለ፣
ውዴ ይሻው፣ ፈታይ፤
ከቀጋ በር።

ማስታወሻ፤ ይህ ደብዳቤ ሳይለጠፍ አባቴ ዛሬ ማለዳ አረፉ። ሊያርፉ ሲሉ ልብሴ መጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ በመንገድ ላይ ነው አልኋቸው። ቄሳችንም የጎረቤቱም ሰው ሌላ ነጭ ጨርቅ አምጥተው ነበር፤ በአባቴ ቃል መሠረት አልተቀበልሁም። አሁን የቀረነው ሁሉ ተነሥተናል፤ እስከ ገሳይ በቃሬዛ እንወስዳቸዋለን፤ ከዚያ ከማል መኪናውን አዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ባለቤቱ ራሱ በአካል ይቅረብ ባሉት መሠረት አባቴ በአካል እየቀረቡ ነውና ሸማውን ከትከሻዎ አውርደው፣ የጣት ቀለም አዘጋጅተው በር ላይ ይጠብቁን፤ ጣታቸውን እኛ እንይዝላቸዋለን።